ማሽን ብቻውን አይበላሽም

ኮምፒዩተር ስላችሁ ዛሬ በብብት ተሸጉጦ የሚኬድበትን ዕቃ እንዳታስቡ። እኔ የምነግራችሁ ቁም ሣጥን ስለሚያህለው፣ ሲነሳ ወፍጮ ቤት የሚያስንቅ ጩኸት ስላለው፣ ሙቀት ስለማይወደው፣ አቧራ ስለሚጠየፈው፣ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ስለሚያኮርፈው ቅምጥል ነው። እኔ የእሱ ሞግዚት ነበርኩ። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የተላክሁትም እሱን ላስታምም ነበር።

ያኔ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን የደብረ ብርሃን ልጅ ነበርኩ። በአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የማሽን ጥገና ተምሬ የተመለስኩ፣ ካቻቢቴ ከያዝኩ ዓለምን የማስተካክል የሚመስለኝ ሴት። ሴት መካኒክ አይተው የማያውቁ ሰዎች አፋቸውን ሲይዙ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የእርዳታ እህል የሚያከፋፍለው ቢሮአችን ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከሸዋ በር ገባ ብሎ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የድንጋይ ቤት ነበር። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ይቀዘቅዛል ተብሎ ነው ማሽኑ እዚያ የገባው። በሐረር ቤት ውስጥ ነደባ የሚባል፣ ሰው እንደየማዕረጉ የሚቀመጥበት ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ አለ። የቤቱ ጌታ ይቀመጥበት የነበረው ከፍተኛው ነደባ ላይ ኮምፒዩተሩ ተሰይሞ ነበር። ከበላዩ ደግሞ የአብዮቱ መሪዎች ትልልቅ ሥዕሎች፣ ባለ ጺሞቹ ፈረንጆችም ጭምር፣ ቁልቁል ያዩን ነበር።

ማሽኑ ላይ የምትጽፈው ረምላ ነበረች። የጀጎል ልጅ ናት፤ እናቷ ቤት ከቢሮው ሁለት ጠባብ መንገድ ዞር ብሎ ነው። ጠዋት ስገባ «ፀዱ፣ ባልሽ ዛሬም አኩርፏል፤ ነይና አባብዪው» ትለኛለች። ባልሽ የምትለው ማሽኑን ነው። ጣቶቿ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ፣ ሻርፗ ከራሷ የማይወርድ ሴት። በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች እህል የሚያገኙት እሷ በምትጽፈው ስም ስለነበር አንድ ፊደል እንኳ አትስትም። «ወላሂ ፀዱ፣ እኔ ብሳሳት አንዲት እናት ጆንያዋን ይዛ ባዶዋን ትመለሳለች» ትል ነበር።

ያ ሁሉ ስም የሚቀመጠው ከማሽኑ በሚገቡና በሚወጡ ዲስኮች ላይ ነው። ዲስክ ስላችሁ ሰፌድ የሚያህል፣ በፕላስቲክ የታሸገ ነገር ነው። ሦስት ነበሩን። ቀዩ የየዕለቱ፣ ቢጫው የሳምንቱ ግልባጭ፣ አረንጓዴው ደግሞ ካዝና ውስጥ የሚተኛው የወሩ ግልባጭ። የዲስክ ፊት እንደ እርሻ በትናንሽ ማሳ የተከፋፈለ ነው። ማሽኑ አንዱን ማሳ ማንበብ ሲያቅተው «ባድ ብሎክ» ብሎ ወረቀት ላይ ያትማል። አንድ ሁለቱ ቢበላሽ ያለ ነው፤ ሲበዛ ግን ያስፈራል። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ፣ ቀዩ እምቢ ካለ ቢጫውን፣ ቢጫው እምቢ ካለ አረንጓዴውን አስገቡ ይላል።

ያን ሰሞን ከላይ ልዑካን ይመጣሉ ተባለ። ኃላፊያችን ጓድ ታምሩ ቤቱ ኖራ እንዲቀባ አዘዘ፤ እኔን ደግሞ የተበላሸ የመብራት ማረጋጊያ አሠርቼ እንድመጣ ድሬዳዋ ላከኝ። ቅዳሜ ሄጄ ሰኞ ረፋዱ ላይ ተመለስኩ።

ሸዋ በር ከመኪና ወርጄ ስገባ ቤቱ ከሩቅ ነጥቶ ታየኝ። «እሰይ፣ ሙሽራ መስለናል» አልኩት ለዘበኛው። ሁልጊዜ ሻንጣዬን የሚቀበለኝ ሰው መሬት መሬት አየ። ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ገባሁ።

ውስጥ ማሽኑ ጠፍቷል። ጓድ ታምሩ ቆሟል። ጥግ ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ተቀምጦ የባቢሌ ለውዝ ይፈለፍላል፤ ገለባውን በሥርዓት ጉልበቱ ላይ ባነጠፈው ጋዜጣ ያኖራል። የረምላ ወንበር ባዶ ነው። ሻርፗ ግን ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ረምላ ያለ ሻርፕ ከበር አትወጣም፤ በፈቃዷ እንዳልወጣች በዚያ አወቅሁ።

«ረምላ የት ሄደች?» አልኩ።

«ለጥያቄ ተፈልጋለች» አለ ጓድ ታምሩ።

በዚያን ዘመን ለጥያቄ ተፈልጎ የሄደ ሰው አንዳንዱ ማታውን ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ስሙም አይነሳም።

ነገሩን በቁጣ ነገረኝ። ጠዋት ረምላ ማሽኑን አስነስታ ቀዩን ዲስክ ስታስገባ «ባድ ብሎክ» በላይ በላዩ ይታተም ጀመር። እንደ መመሪያው ቢጫውን አስገባች። እሱም ጥቂት ሠርቶ ያው ሆነ፤ ማሽኑም ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አወጣ። ደንግጣ አጠፋችው።

«ሁለት ዲስክ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እጅ! ልዑካኑ ሊመጡ በተቃረቡበት ሰሞን! ይሄ አሻጥር ካልሆነ ምንድነው?»

«ጓድ ታምሩ፣ የተበላሸው ማሽኑ ይሆናል።»

«ማሽን ብቻውን አይበላሽም» አለኝ። «ከኋላው ሰው አለ። ወንድሟ ጅዳ እንደሚኖር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሳሙና ይልክላታል። ለእኔም ሰጥታኛለች።»

የለውዙ ገለባ ድምፅ ቆመ። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተመልሶ መፈልፈሉን ቀጠለ። ምላሴን ብውጠው በወደድኩ።

ጓድ ታምሩ አረንጓዴውን ዲስክ ከካዝና አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «በይ አስገቢው። ልዑካኑ ሲመጡ ማሽኑ እየጻፈ መታየት አለበት።»

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው። ዲስኩ ሲሽከረከር ማንበቢያው ራስ አይነካውም። ከጸጉር በቀጠነ ክፍተት በነፋስ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች ራሱ ይነካና ዲስኩን ይፍቀዋል። ፍቅፋቂው ራሱ ላይ ይለጠፋል፤ ያ ራስ ከዚያ በኋላ የሚገባለትን ዲስክ ሁሉ ይፍቃል። በሽተኛ ማሽን ጤነኛውን ዲስክ ያስይዛል ማለት ነው። ያ የማፋጨት ድምፅ ይሄ ከሆነ፣ አረንጓዴውን ማስገባት የዚያን ሁሉ ሕዝብ ስም በገዛ እጄ መቅበር ነው። አለማስገባት ደግሞ ከረምላ ጋር አብሬያለሁ ማለት ነው።

ክፉ ሐሳብም መጣብኝ፤ አልደብቃችሁም። ባስገባውና እሱም በእኔ እጅ ቢበላሽ የረምላ እጅ ንጹሕ መሆኑ ይታያል። አንድ ዲስክ ለአንድ ሰው። ከዚያ ጆንያቸውን ይዘው የሚመጡት ሴቶች ትዝ አሉኝ።

«ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይነካም» አልኩ። ውሸቴን ነው። «ነገ ጠዋት እናየዋለን።»

ጓድ ታምሩ ወደ ለውዙ ሰውዬ አየ። ሰውዬው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ እዚያ ቤት ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አወቅሁ።

ከቢሮ ስወጣ እግሬ ወደ ረምላ እናት ቤት ወሰደኝ። እማማ ነፊሳ በራፋቸው ላይ የምግብ ሳህን በጨርቅ እንደተቋጠረ ይዘው ቆመዋል።

«ስንቅ ወስጄላት ነበር» አሉኝ። «ውሰጂ፣ አያስፈልጋትም ብለው መለሱልኝ። ምን ማለታቸው ነው ልጄ?»

በእኒያ ክፉ ዓመታት የእስረኛ ስንቅ ሲመለስ እስረኛው በሕይወት የለም ማለት እንደነበር የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሳቸውም ያውቁታል። እንድዋሻቸው ነው የጠየቁኝ።

«ሥራ በዝቶባቸው ነው እማማ። ነገ ትወጣለች።»

«ኢንሻአላህ በዪ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ፤ የክርስቲያን ልጅ ብሆንም።

እንባቸው እየወረደ እጃቸው እንደ እናት ልማድ ትከሻዬን ማራገፍ ጀመረ። መዳፋቸው ነጭ ሆነ። ቢሮ ስቆም ግድግዳውን ተደግፌ ኖሮ ኖራው ለቅቆብኛል። መዳፋቸውን ያዝኩና አየሁት፤ እንደ ዱቄት የላመ። ምን ነካት ሳይሉኝ አልቀረም። አቧራው ከየት እንደመጣ ያገኘሁት ከእሳቸው መዳፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማሽኑ በወፍራም ሸራ ይሸፈናል። ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት በእጄ አልብሼዋለሁ፤ ረምላ ከእኔ ቀድማ ወጥታ ስለነበር አላየችኝም። ሸራ ለብሶ ያደረ ማሽን ኖራ እንዴት ገባው?

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ነበሩ፤ ለውዙም ነበር። ከመሣሪያ ሣጥኔ የራሴን መመርመሪያ ዲስክ አወጣሁ። ከውጭ ይዤው የመጣሁት፣ ማሽን የማስተካክልበት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቀው ነው።

«አረንጓዴውን አላስገባም። መጀመሪያ የእኔ ይግባ» አልኩ። «ይሄ ረምላ ነክታው አታውቅም። ማሽኑ ደህና ከሆነ ይሠራል፤ ጥፋቱም የእሷ ይሆናል። ከተበላሸ ግን በሽታው ማሽኑ ጋ ነው።»

አስገባሁት። ጥቂት ዞረ። ከዚያ ያ የማፋጨት ድምፅ መጣ፤ ወረቀቱ «ባድ ብሎክ፣ ባድ ብሎክ» እያለ ይወርድ ጀመር። አጠፋሁና በካቻቢቴ የሦስቱንም ዲስኮች ሽፋን ፈታሁ፤ የቀዩን፣ የቢጫውን፣ የእኔን። ሦስቱም ላይ አንድ ቦታ አንድ ዓይነት ክብ ቁስል ነበር። ማሽኑን ከፍቼ የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ። ሙጭጭ ብሎ በኖራ ተደፍኗል። ጣቴን አሳርፌ ለሁለቱም አሳየኋቸው።

«ኖራ ነው» አልኩ። «ረምላ የሠራችው መመሪያውን ነው።»

ያን ጊዜ የለውዙ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ይሄ ሸራ አለው አይደል? ሲቀባ ሸራው የት ነበር?»

 ሸራውን ዘረጋሁት። ከላይ እስከ ታች የኖራ ፍንጣቂ ወርዶበታል። ማሽኑ ላይ ተኝቶ ቢሆን ፍንጣቂው እንዲያ በቁሙ አይወርድም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሸፍኖ ነበር። ቀና አልኩ። ወለሉ፣ መስኮቱ፣ ወንበሩ ሁሉ በኖራ ተረጭቷል። መሪዎቹ ግን ከነጺማቸው አንዲት ጠብታ አልነካቸውም።

የለውዙ ሰውዬም ቀና አለ። ሥዕሎቹን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ጓድ ታምሩ ዞረ። የታምሩ ፊት ከግድግዳው ነጣ።

ጓድ ታምሩ እሁድ ዕለት የማሽኑን ሸራ ገፎ መሪዎቹን አልብሷቸው ነበር። ሲያልቅ መልሶ ማሽኑ ላይ ጣለው። እንግዲህ ምን ይባላል? ስህተት ነው የሚል ሰው «የመሪዎቹ ሥዕል ላይ ኖራ ይፍሰስ ልትል ነው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ትክክል ነው ከተባለ ደግሞ ማሽኑን ማን ገደለው? ሦስታችንም ይሄን በአንድ ጊዜ ያሰብነው ይመስለኛል። 

ሰውዬው ገለባውን በጋዜጣው ጠቅልሎ ተነሳ። «ሸራውን በተመለከተ ማንም ምንም አላየም» አለ። «ስም ግን ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ስም ይቅረብልኝ፤ ካልቀረበ የያዝናት አለች።» ወጣ።

ጓድ ታምሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። 

«ቀለም ቀቢው አለ» አለኝ በሹክሹክታ። «ማንም የለውም።»

እዚያው ልተፋበት ፈለግሁ። ከዚያ የራሴ ነገር ታየኝ። ወንድሜ ግንባር ያለ መኮንን ነው። ወዳጅ አገር የተማርኩ ነኝ። እኔን አሻጥረኛ ማለት ለእነሱም አይመችም፤ ቸልተኛ ማለት ግን ይመቻል። ረምላ ብትሆን አሻጥር የሚባለው ነገር፣ በእኔ ላይ ሲሆን ቸልተኝነት ይባላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የሰው ነፍስ ነው።

«ስብሰባ ጥራ» አልኩት። አንተ ማለቴን ሁለታችንም ልብ አላልነውም። «ግለሂስ አደርጋለሁ።»

ወጣቶቹ አንባቢዎቼ ግለሂስን ላታውቁት ትችላላችሁ። በሠራተኛው ፊት ቆሞ ራስን መክሰስ ነው። አንድ ሰው ግለሂስ አድርጎ ጉባኤው ከተቀበለው ነገሩ ተዘጋ ይባላል።

«ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አረንጓዴው ዲስክ እዚህ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ አዲስ አበባ ሄዶ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ረምላ መጥታ ሳትቀመጥ አፌን አልከፍትም።»

ከሰዓት አመጧት። አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየችው፤ ግን አረማመዷ የሌላ ሰው ነበር። ራሷ ባዶ ስለሆነ በሁለት እጇ ጸጉሯን ለመሸፈን ትሞክራለች። ሻርፗን ከወንበሩ አንስቼ ሰጠኋት። ዓይኖቿ በእንባ ሞሉ፤ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የጨበጠችኝ ያኔ ነው።

ቆምኩ። «እኔ ጓድ ፀዳለ፣ ቅዳሜ ዕለት የሕዝብ ንብረት የሆነውን ማሽን ሳልሸፍን ጥዬ ሄጃለሁ። ኖራ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሸራውን ያለበሰው ኋላ ዘበኛው ነው። ጥፋቱ የረምላ አይደለም፤ የእኔ ቸልተኝነት ነው።» ዘበኛው ጣሪያውን ያይ ነበር። የለውዙ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ጓድ ታምሩ «ጓዲቱ ስህተቷን ማመኗ የሚያስመሰግን ነው» አለና አስጨበጨበልኝ።

ረምላ አላጨበጨበችም። ግቢው ውስጥ ጠበቀችኝ።

«ሸራ?» አለችኝ። «አንዲት ሸራ መጣል አቅቶሽ ነው? እዚያ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ምን እንዳደረጉኝ ታውቂያለሽ?»

የለውዙ ሰውዬ ከኋላዬ ነበር። «ይቅርታ» ብቻ አልኩ።

«አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔ ግን አልችልም» ብላ ወጣች።

ልዑካኑ መጡ። ነጩን ቤት አደነቁ፣ በሥዕሎቹ ፊት ፎቶ ተነሱ፣ መብራቱ ብቻ የሚበራውን ሬሳ ማሽን እያዩ አጨበጨቡ። አረንጓዴው ዲስክ አዲስ አበባ ደርሶ በደህና ተገለበጠ፤ እህሉ አልተቋረጠም። እኔ ከጥገና ተነስቼ ድሬዳዋ የጆንያ መጋዘን ተመደብኩ። ካቻቢቴ ሳልነካ ዓመታት አለፉ።

ያ ቀን ምን ለወጠብኝ? ለማሽን ያለኝ ፍቅር አልሞተም፤ ምላሴ ግን አጠረች። አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» ብሎ የሚጀምር ሰው ሳይ እስካሁን ተነስቼ እሄዳለሁ። «ምን ነካው?» ብሎ መጠየቅ የሰው ነፍስ እንደሚያተርፍ አየሁ። ስለ ረምላ ደግሞ ተናድጃለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? አንዳንድ ቀን ማዳኔን ሳይሆን አለማወቋን አስቤ አልቅሻለሁ።

ደርግ እንደወደቀ የመጀመሪያ ሥራዬ ሐረር መሄድ ነበር። አሁን የሚፈራ የለም፤ እነግራታለሁ አልኩ። እማማ ነፊሳ በሩን ከፈቱልኝ። በጣም አርጅተዋል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሸራውን፣ ሥዕሎቹን፣ የለውዙን ሰውዬ። እስክጨርስ እጄን ይዘው ሰሙኝ። ከዚያ ሳሙኝ፤ ሁለቱንም ጉንጬን።

«አላህ ውለታሽን ይክፈል ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ግን ሳታይሽ ሂጂ።»

«ለምን እማማ? እውነቱን ትወቅ እንጂ።»

«በር ሲንኳኳ ዛሬም ትደነግጣለች። የምትተኛው የታሰርኩት በስህተት ነበር ብላ ነው። አንዲት ዝንጉ ጓደኛ ሸራ ረስታ ነው ትላለች፤ ደህና ስትሆን ትስቅበታለች። ለሥዕል ብለው፣ እያወቁ፣ ሊያጠፏት እንደነበር ከሰማች በምን ትተኛለች?»

ከውስጥ የማውቀው ድምፅ መጣ። «እማ፣ ማን ነው?»

እማማ ነፊሳ ዓይኔን እያዩ «ማንም አይደለም» አሉ። «ቤት የተሳሳተች ሰው ናት።»

እንግዲህ የእሷንም የእኔንም ስም ቀይሬ ነው የጻፍኩት። ሐረር ውስጥ ሸራ ስለረሳች ጓደኛዋ እየሳቀች የምታወራ ሴት ከገጠመቻችሁ አብራችኋት ሳቁ። ይህን አንብባችሁ ካወቃችኋት ግን፣ አደራ፣ አትንገሯት።